አባ ኮዳ ያሰረው ዕርቅ

ይህን ታሪክ በማውራቴ አስቀድሜ በታላቅ ትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የተከበሩ ሰዎችና ያልተከበሩ ወፎች ተቀላቅለውበታል።

እትዬ የውብነሽን ባሏ ናፍቋታል። አቶ ደርሰህ በወጥ ጨው ተጣልቷት ከወንዙ ማዶ ወንድሙ ቤት ከገባ ከርሟል። እሷ ግን ዛሬም አልጋው ላይ ሁለት ትራስ ታስቀምጣለች። በዚያ አገር ባልና ሚስት የሚታረቁት በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ የሚቀመጠው ዋርካው ሥር ነው፤ ዋርካው ላይ ደግሞ እነዚያ ራሰ በራ ባለ ረጅም ቅልጥም ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ሰፍረው የሽማግሌውን ጋቢ ሁሉ ኩስ በኩስ አድርገውታል።

“እባካችሁ ተነሡልኝ፣ ባሌ ናፈቀኝ” አለቻቸው።

“አንቺ ሴትዮ፣ ማን ነክቶን እንነሣለን?”

ቀበሌው ደጅ የተሰቀለውን ቆርቆሮ ለመነች። “ወፍ አልነሣ አለኝ፣ ባሌ ናፈቀኝ፤ ጩህልኝ።”

“ሳይመቱኝ አልጮህም” አለ ቆርቆሮ።

ዘበኛውን ለመነች። “ቆርቆሮ አልጮህ አለኝ፣ ወፍ አልነሣ አለኝ፣ ባሌ ናፈቀኝ፤ ምታልኝ።”

“ውይ እትዬ! ሳልታዘዝ መትቼ እንጀራዬን ልጣ?”

ሊቀመንበሩን ለመነች። “ዘበኛ አልመታ አለኝ፣ ቆርቆሮ አልጮህ አለኝ፣ ወፍ አልነሣ አለኝ፣ ባሌ ናፈቀኝ፤ እዘዙልኝ።”

“ጥያቄው ከሽማግሌዎች ይምጣ” አሉ ሊቀመንበሩ፣ ወንበራቸው ላይ እየተመቻቹ።

ሽማግሌዎቹን ለመነች። “ሊቀመንበር አላዝ አሉኝ፣ ዘበኛ አልመታ አለኝ፣ ቆርቆሮ አልጮህ አለኝ፣ ወፍ አልነሣ አለኝ፣ ባሌ ናፈቀኝ፤ ጠይቁልኝ።”

“ልጄ፣ ለመጠየቅ መምከር ይገባል” አሉ አንጋፋው አባ ይርዳው። “ለመምከር ዋርካው ሥር መቀመጥ ይገባል። ወፎቹ ይነሡና እንመክርበታለን።”

አመሻሹ ላይ ወንዙ ዳር ሄዳ ቆመች። ደርሰህም ማዶ ቆሟል።

“የውቤ! አሁንም አልተነሡም? ዋርካውን ሳይ ሳይ ዓይኔ ሟሟ!”

“ሽማግሌ አልጠይቅ አለኝ፣ ሊቀመንበር አላዝ አሉኝ፣ ዘበኛ አልመታ አለኝ፣ ቆርቆሮ አልጮህ አለኝ፣ ወፍ አልነሣ አለኝ… አንተ ናፈቅኸኝ።”

ደርሰህ ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ ገባ።

ከመንገድ ሆነው ያዩት አባ ይርዳው ጮኹ። “ኧረ ጉድ! ያለ ሽማግሌ ሊታረቁ ነው!”

ያኔ ሽማግሌው ሁሉ ሳይቀመጥ፣ ሳይመክር ሮጠ። ሽማግሌ ሊቀመንበሩን ጠየቀ፣ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አዘዙ፣ ዘበኛ ቆርቆሮውን መታ፣ ቆርቆሮ ጮኸ፣ ወፍ ተነሣ። ሽማግሌዎቹም ኩሱን ጠርገው ተቀመጡና፣ በአንድ ነጠላ ተጠቅልለው የሚሳሳቁትን ባልና ሚስት በብዙ ምክር፣ በታላቅ ድካም አስታረቁ።

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳታወሩ። የናፈቀው ሁሉ ዝም ብሎ ወንዝ ከተሻገረ፣ ሽማግሌዎቻችን ምን ሠርተው ይውላሉ?