ቱንቢው ያላወቃቸው ሰው

ባል እውነት ሲናገር ሚስት ደስ ይበላት ወይስ ዕቃ ትሸክፍ? እኔ እስካሁን መልሱ አልመጣልኝም።

ባለቤቴ አናጢ ነው። የምንኖረው ኢንጂነር ዘውገ ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤቱን ተከራይተን ነው። እሳቸው ለመኝታ ቤታቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚገጥም የኦክ እንጨት ቁም ሳጥን አሠሩት። ሲገጠም ከላይ ልክክ አለ፤ ከታች ግን አራት ጣት ክፍተት ቀረ። ለምርቃቱ እንግዶች ጠርተው ነበርና ሰው ፊት ጮኹ።

«ጠማማ ቁም ሳጥን ሠራህልኝ!»

«ጋሼ፣ ቁም ሳጥኑ ቀጥ ያለ ነው። ያዘመመው ግድግዳው ነው» አለ ባለቤቴ።

«ይህን ቤት ነድፌ ያስገነባሁት እኔ ነኝ! ወይ አሁኑኑ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ፣ ወይ ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ግቢዬን ትለቃለህ!»

እኔ ልጄን ታቅፌ በር ላይ ቆሜ «ጠይቃቸው በቃ» እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት። እሱ ቱንቢውን አወጣና ክሩን ከግድግዳው አናት ላይ ለቀቀው። ጫፉ ላይ ያለው ብረት ከግድግዳው አራት ጣት ርቆ ቆመ።

«እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ ረጋ ብሎ። «ለቱንቢውም ይቅርታ ያድርጉለት። እርስዎ ማን እንደሆኑ የነገረው ሰው የለም።»

እንግዶቹ ሳቁ። ኢንጂነሩ ግን ትተውን ወጡ፤ ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ልቀቁም ቆዩም አላሉንም።

እኛ ያለንበትን ሰርቪስ ቤትም የገነቡት እሳቸው ናቸው። የልጄ አልጋ ደግሞ ግድግዳው ሥር ነው። እስቲ ምከሩኝ፤ ቱንቢውን እኛም ግድግዳ ላይ ላንጠልጥለው ወይስ ሳላይ ልተወው?