ባለቤቱ እስኪመጣ

«አንድ ሰው ነበረ፤ የሞቱ ኮምፒውተሮችን እየገዛ የሚያስነሳ» አሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ዘርጋው። የጠየቀቻቸው ወለላ ናት። ጎረቤቷ እትዬ ብርነሽ ልብስ ስፌት ሁለት ዓመት ሙሉ በነጻ አስተምረዋታል። አሁን የራሷን ሱቅ ከፍታ፣ በእሳቸው ደጅ ላለማለፍ ዙሪያውን ትሄዳለች። «እስካሁን ምንም አልጠየቁኝም፤ አንድ ቀን የሚጠይቁኝ ከአቅሜ በላይ ቢሆንስ፣ ጋሼ?» ነበር ያለቻቸው።

ሰውየው መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸውን ኮምፒውተሮች በክምር ይገዛና ይፈታታቸዋል። ከአንዱ ራም፣ ከሌላው ሃርድ ዲስክ፣ ከሦስተኛው ፋን ነቅሎ አንድ የሚሠራ ያወጣል። ለእያንዳንዷ ብሎን ዋጋ የሚያወጣ ሰው ነበረ። ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን፣ በነጻ የሚገኘውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጀመሪያ ሲጭን ያመነታው ለዚህ ነው። በገንዘብ የሚሸጠው ሲስተም እነዚያን ያረጁ ማሽኖች ይከብዳቸዋል፤ ይሄኛው ሲጫንባቸው ግን ቀጥ ብለው ተነሡ። ማን እንደ ሠራው አያውቅም። የትም ቦታ ዋጋ አልተጻፈበትም። ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው እየተባበሩ እንደሚሠሩት ሰምቷል፤ አላመነም።

«ዛሬ በነጻ ሰጡህ» አለው ጫማ የሚሸጠው ጎረቤቱ እየሳቀ፤ «ነገ መጥተው ሱቁን ከነአንተ ይረከቡታል። መደርደሪያውን ግን ለባለ ጫማው ቃል ገብቼለታለሁ በላቸው።»

ቀልድ ነበር። ሰውየው ግን ቀልዱን ይዞት ቤቱ ገባ። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በዚያች ሱቅ ነው። የሲስተሙ ባለቤት መጥቶ የእስከ ዛሬውን ክፈል ቢለው፣ ሱቁ ተሸጦም አይበቃም። ከዚያ ወዲህ ቦርሳ የያዘ ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆም ባለ ቁጥር ከጠረጴዛው ኋላ ይጎነበሳል። ማሽኑ ሲነሣ ከሚታየው ገጽ ላይ የሠሪዎቹን ስም አጠፋ። ደንበኞቹንም «ከየት አመጣችሁት ቢሏችሁ እኔን አታንሱ» ይል ጀመር። እነሱም የተሰረቀ ዕቃ የገዙ እየመሰላቸው ሸሹት።

በዚህ መካከል አንድ ብልሽት ገጠመው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የአንድ ዓይነት ማሽኖች ስክሪን ጨልሞ ይቀራል። ብዙ ደክሞ መፍትሔውን አገኘ፤ በሲስተሙ ውስጥ አንዲት መስመር ማስተካከል ብቻ ነበር። ለሠሪዎቹ ቢጽፍላቸው ለሁሉም ያርሙት ነበር። ለእሱ ግን መጻፍ ማለት «ያለሁት እዚህ ነው፣ ኑ» ማለት ሆነበት። መስመሯን በሚሸጣቸው ማሽኖች ላይ ብቻ አርሞ ሳይጽፍ ቀረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ሴት ቦርሳ አንግታ በሩ ላይ ቆመች።

«ነጻውን ሲስተም የሚጭኑት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ አይደለሁም» አላት።

«ባለ ጫማው እሱ ነው ብሎኝ ነበር።»

«ባለ ጫማው ጫማውን ይሽጥ።»

ሴትየዋ ጠረጴዛው ላይ የተከፈቱትን ማሽኖች አየች፤ ከዚያ እሱን። «እኔ ሲስተሙን ከሚሠሩት አንዷ ነኝ» አለች።

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። «ስንት ነው?» አላት።

«የቱ?»

«የምትጠይቁኝ።»

ሴትየዋ ግራ ገባት። «ገንዘብ አልፈልግም፣ ወንድሜ። በእኛ ከተማ ጤና ጣቢያ በዚሁ ሲስተም የሚሠሩት ማሽኖች መብራት በጠፋ ቁጥር ስክሪናቸው ይጨልማል። በቀደም አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት መጥታ ማሽኑ ላይ የተመዘገበውን የደም ዓይነቷን ማየት አቃታቸው። ለጥቂት ነው የተረፈችው። እርስዎ የሸጧቸው ግን አይጨልሙም ሲሉ ሰማሁ። እኛ አልቻልንበትም፤ እንዴት እንዳደረጉት ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ሰውየው መደመር ያውቃልና በልቡ ደመረ። እሱ አፉን በዘጋበት ጊዜ ሁሉ መብራት ስንት ቦታ ጠፍቶ ይሆን? ስንት ስክሪን ጨልሞ፣ ስንት ሰው ፊቱ ቆሞ ይሆን? እሷ ስለ አንዷ ነገረችው፤ የሌሎቹን ማን ይነግረዋል? ያን ጊዜ የያዘው ፍርሃት የፊተኛውን ቀልድ አስመሰለው።

በርጩማ ስቦ አስቀመጣት፤ ማሽን አብርቶ መስመሯን አሳያት። እሷም እዚያው ለባልደረቦቿ ጻፈች። «በማን ስም ልላከው?» ስትለው ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ነገራት።

ጋሽ ዘርጋው ወደ ወለላ ዞሩ።

«ያ ሰው አንቺ ነሽ። እትዬ ብርነሽ ዋጋ ያልጻፉበት ነገር ሰጡሽ፤ አንቺም ባለ ዕዳ ሆነሽ ተደበቅሽ። እኔ እንደምታውቂኝ ያልቆጠርኩት ነገር የለም፤ ይሄንንም ቆጥሬዋለሁ። ዓይናቸው ደክሟል። መቀሱን ይዘው ጨርቁ ላይ የጠመኔውን መስመር ይፈልጉታል፤ ትላንት ጣታቸው ታስሮ አይቻለሁ። ሊማሩ የሚመጡ ሴቶች ልጆችም አሉ፤ የሚያሳያቸው አጥተው ይመለሳሉ። አንቺ የምታውቂውን የሚያውቅ በዚህ ሰፈር ሌላ ሰው የለም። ምን እንደሚጠይቁሽ እኔ አላውቅም፣ ልጄ፤ ምናልባት ምንም። ሳትሄጂ የቀረሽባቸው ቀናት ግን ማንን ምን እንዳስከፈሉ ጠይቂ። መፍራት ካለብሽ እሱን ፍሪ።»