የጸሐፊዋ ነፃ ፕሮግራም

አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ኩራት የነፋቸው ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ምላሰኛዋ ጸሐፊያቸው የድሮው የጽሕፈት ፕሮግራም በቫይረስ እየተበከለ ቢያስመርራት፣ በነፃ የሚታደል ሌላ ፕሮግራም አውርዳ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ጫነችው። አቶ ልሳነወርቅ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ሠራተኛውን በሙሉ አዳራሽ ሰብስበው አስነሷት።

«በገንዘብ የሚሸጠውን ጥለሽ ምጽዋት ታስለቅሚኛለሽ? እስቲ በሰው ሁሉ ፊት ንገሪኝ፤ ይሄ ነገርሽ ከልመና በምን ይለያል? መልስ ካጣሽ ዕቃሽን ሸክፈሽ ውጪ!»

ጸሐፊዋም አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ልመናስ ይሁን ጌታዬ፤ ለማኝ የሚቀበለው ሰጪው እያየ ነው። እርስዎ ከወዳጅዎ ቢሮ በፍላሽ ገልብጠው ያመጡልንን የድሮውን ፕሮግራም ግን፣ ባለቤቱ መስጠቱን እስከ ዛሬ አልሰማም» አለቻቸው።