ከመስመር ስር ያለች መንደር

አንድ ቀን፣ ሜክሲኮ ውስጥ ትላስካላ በምትባለው ክፍለ ግዛት የሚኖር ክሪሶፎሮ የሚሉት ሰው ውሃ ሰርቀሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። ትላስካላ ከአገሪቱ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ትንሿ ናት። አንድ ትልቅ ጎረቤት ክፍለ ግዛት ከሞላ ጎደል ዙሪያዋን ከቧታል። ስሟ የበቆሎ ቂጣ አገር ማለት ነው ይባላል፤ ጎረቤቶቿም «ስፋቷም ከቂጣው አይበልጥም» እያሉ ይቀልዱባታል። ሰዎቿ ግን መናቅ አይወዱም። ጥንት በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ለአዝቴክ ነገሥታት ሲገብር፣ እነሱ ሞተን እንገኛለን ያሉ ጉዶች ናቸው።

ክሪሶፎሮ ሥራው ማጌይ ከሚባል እሾሃም ተክል ጭማቂ በረጅም ቅል እየመጠጠ ማውጣት ነው፤ ጭማቂው ሲብላላ ፑልኬ የሚሉት ነጭ መጠጥ ይሆናል። ዕድሜ ልኩን ሲመጥጥ ጉንጩ ተሰርጉዷል፤ መልስ ግን አጥቶ አያውቅም። የከሰሰው ዶን ኤቫሪስቶ የሚባል ባለ ሰፊ ርስት ነው። ሺህ ከብት አለው፣ ለሰው ግን ጠብታ ውሃ ሲሰጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። የክሪሶፎሮ መንደር ሳን ክሪስፒን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚቀዳበትን ምንጭ «ከክፍለ ግዛቱ ድንበር ወዲህ ነውና የኔ ነው» ብሎ አጠረው። ክሪሶፎሮም አጥሩን ዘሎ ቀዳ። እንግዲህ ከተፈረደበት እሱ ወህኒ ይወርዳል፣ መንደሩም በውሃ ጥም ያልቃል።

ዳኛው የመሬት ቀያሹን አስጠሩ። ቀያሹ መጥቶ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የትላስካላንና የትልቁን ጎረቤቷን ድንበር በወፍራም ቀይ እርሳስ አስምሮበታል።

«ሳን ክሪስፒን የታለች?» አሉ ዳኛው።

ቀያሹ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «የለችም፣ ክቡር ዳኛ።»

«እንዴት አትኖርም?»

«ከመስመሩ ስር ናት። መስመሩ ትንሽ ወፈር ስላለ ሙሉ በሙሉ ሸፍኗታል።»

ዶን ኤቫሪስቶ ደስታውን መደበቅ አቃተው። «ይኸው! ከዚህም የሉ፣ ከዚያም የሉ። የሌለ መንደር ውሃ ይጠማዋል እንዴ?»

ዳኛው ወደ ተከሳሹ ዞሩ። «ምን ትላለህ? በካርታው መሠረት መንደርህ የለችም።»

«ክቡር ዳኛ፣ እኔስ ያለች መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት እዚያው ደጃፌ ላይ አህያዬ ረግጣኛለች፤ ምልክቱን ላሳይዎ?»

«የአህያ ርግጫ ማስረጃ አይሆንም። ካርታ ግን ማስረጃ ነው።»

«እሺ፣ ካርታውን ተቀብያለሁ» አለ ክሪሶፎሮ። ከኋላ የተቀመጡት የመንደሩ ሰዎች «ወይኔ፣ ጨረሰን!» ብለው አጉረመረሙ። እሱ ግን ወደ ቀያሹ ዞረ። «ጌታዬ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅዎ። ቤተ ክርስቲያናችን የት ናት?»

«ከመስመሩ ስር።»

«የመጨረሻው ቤትስ፣ የአማቴ ቤት?»

«እሱም ከመስመሩ ስር።»

«ምንጩስ የት ነው?»

«በቤተ ክርስቲያኗና በአማትህ ቤት መሀል» አለ ቀያሹ ኮራ ብሎ። «በእርምጃ የለካሁት ራሴ ነኝ።»

ክሪሶፎሮ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «እስቲ ፍረዱኝ! አርባ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ከነደወሏ፣ አማቴን ከነምላሷ የዋጠ መስመር፣ መሀላቸው ያለው ምንጭ ጋ ሲደርስ ጠገበ?»

ዳኛው ሳቃቸውን በመሐረብ አፍነው፣ «የሌለ ውሃ የሚሰረቅበት መንገድ የለም፤ የሌለ ምንጭም አጥር አያሻውም፤ ዶን ኤቫሪስቶ እስከ ነገ ያንሱት» ብለው መዝገቡን ዘጉ።