ኳሷን ያሰረው ሞዴል ፈተና

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ።

እቴነሽ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ የተቆለፈባትን የመረብ ኳስ። ዓመቱ ከገባ አንዴም አልነካቻትም።

ወደ ስፖርት መምህሯ ወደ ደርበው ሄደች። "ቲቸር፣ ኳሷን ያውጡልን።"

"መቼ ልትጫወቱ?" አሏት። "የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ለሞዴል ፈተና ወስደውታል። ክፍለ ጊዜው ካልተመለሰ መጋዘኑ አይከፈትም፤ መጋዘኑ ካልተከፈተ ኳሷ አትወጣም።"

ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደች። አቶ ውብሸት ቀና እንኳ አላሉም።

"ወረዳው ሞዴል ይፈትናል። እኔ ደግሞ ለወረዳው ሞዴል የሚያዘጋጃችሁን ሞዴል እፈትናለሁ። ወረዳው ካልተወ እኔ አልተውም፤ እኔ ካልተውኩ ክፍለ ጊዜው አይመለስም፤ ክፍለ ጊዜው ካልተመለሰ መጋዘኑ አይከፈትም፤ መጋዘኑ ካልተከፈተ ኳሷ አትወጣም።"

ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች። ኃላፊዋ ወይዘሮ አጸደች ከረሜላ ሰጧት፤ ኳስ ግን የለም።

"የኔ ቆንጆ፣ ዞኑም ሞዴል ይፈትናል። ለዞኑ ሞዴል የሚያዘጋጃችሁ የኔ ሞዴል ነው። ዞኑ ካልተወ እኔ አልተውም፤ እኔ ካልተውኩ ርዕሰ መምህሩ አይተዉም፤ እሳቸው ካልተዉ ክፍለ ጊዜው አይመለስም፤ ክፍለ ጊዜው ካልተመለሰ መጋዘኑ አይከፈትም፤ መጋዘኑ ካልተከፈተ ኳሷ አትወጣም።"

እቴነሽ በገነች። ከረሜላዋን እያላመጠች በገነች። አክስቷ ወደ ዞኑ ከተማ ስትሄድ ተከትላ ዞን ትምህርት መምሪያ ደረሰች።

"ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ እዚያ ጆንያ ላይ ተቀመጪ" አላት ጥበቃው።

ተቀመጠች። ጆንያው ቆረቆራት። ብታየው የትምህርት ቤቷ ስምና «የዞን ሞዴል፣ ጥቅምት» የሚል ተጽፎበታል፤ እስክሪብቶ እየነከሰች የሠራችው የመጀመሪያው ዙር የመልስ ወረቀት ነው። የጆንያው አፍ እንደተሰፋ ነው፤ የከፈተው ሰው የለም።

ኃላፊው አቶ ልየው ብቅ አሉ። "ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?"

"ኳሴን" አለች። "እርስዎ ካልተዉ ወረዳው አይተውም፤ ወረዳው ካልተወ ርዕሰ መምህሩ አይተዉም፤ እሳቸው ካልተዉ ክፍለ ጊዜው አይመለስም፤ ክፍለ ጊዜው ካልተመለሰ መጋዘኑ አይከፈትም፤ መጋዘኑ ካልተከፈተ ኳሷ አትወጣም። እርስዎ ደግሞ የጥቅምቱን እንኳ ገና አላረሙትም። ይኸው ተቀምጬበታለሁ።"

አቶ ልየው ጆንያውን አዩ። ስፌቱን አዩ። ፊታቸው በሐፍረት ቀላ።

"በዓመቱ መጨረሻ ክልሉ ይፈትናችኋል። እሱ አንዱ ይበቃል" አሉና የዞኑን ሞዴል እዚያው ሰረዙት።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ዞኑ ሲተው ወረዳው ተወ፤ ወረዳው ሲተው ርዕሰ መምህሩ ተዉ፤ እሳቸው ሲተዉ ክፍለ ጊዜው ተመለሰ፤ ክፍለ ጊዜው ሲመለስ መጋዘኑ ተከፈተ፤ መጋዘኑ ሲከፈት ኳሷ ወጣች። ተንፍሳ ነበርና መምህር ደርበው በብስክሌት ፓምፕ ነፉላት። ልጆቹ ሜዳውን በጩኸት ሞሉት። አቶ ውብሸት እንኳ ኮታቸውን አውልቀው "አንዴ ልምታ" ብለው ለመኑ። እቴነሽ በደስታ የምታደርገው ጠፍቷት ኳሷን ወደ ላይ ለጋቻት።

ተረቴ እዚህ አረፈ፤ ኳሷ ግን ገና አላረፈችም።