በዋሻውና በድንጋዩ መካከል

አንድ ጊዜ በአንድ ሰፊ ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳት የወንዛቸውን ነገር በዋሻ ግድግዳ ላይ ይጽፉ ነበር። አዞ ቦታ ሲቀይር ወይም ጎርፍ መሻገሪያ ሲያበላሽ ያየው እንስሳ ወደ ዋሻው ወጥቶ የድሮውን ምልክት ይሰርዝና አዲሱን ይጭራል፤ ከጎኑም ኮቴውን ወይም ጥፍሩን ያትማል። ወንዝ ሊሻገር የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ግድግዳውን ያያል።

ዋሻው ግን ዳገት ላይ ነበር። ስለዚህ ንጉሡ አንበሳ በወንዙ ዳር ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አስተከለና «ከእንግዲህ የምንጽፈው እዚህ ላይ ነው» ብሎ አወጀ። ወጣቶቹ ወዲያው ተቀበሉት። ተራራው ላይ የሚኖሩት እነ አባ ኤሊ ግን የለመዱትን ዋሻ አልተዉም። ሁሉም ወደ ድንጋዩ እስኪዞር ድረስ ሁለቱ ቦታዎች አንድ ነገር እንዲናገሩ አመላላሽ አስፈለገ። ሥራው ለአህያይቱ ለዳለቻ ተሰጠ።

ዳለቻ በዋሻው የተለወጠውን ወደ ድንጋዩ፣ በድንጋዩ የተለወጠውን ወደ ዋሻው ስታመላልስ ትውላለች። ስለ አንድ መሻገሪያ ዋሻው ሌላ፣ ድንጋዩ ሌላ ሲል ከራሷ አትፈርድም። የጻፉትን ሁለቱንም ጠርታ «መጨረሻ ያየው ማነው?» ትላለች፤ ካልተስማሙም ወርዳ ወንዙን በዓይኗ ታያለች። እናም ሥራዋ ቀስ ያለ ነበር።

ይህን ያየች ቀበሮ ሹመት አማራትና አንበሳ ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ይህቺ አህያ እንዲህ ስትንቀረፈፍ ሥራው መቼም አያልቅ። እኔን ይሹሙኝና በአንድ ጀንበር ላስጨርሰው።»

«በማን ጉልበት?»

«በአያ ጅቦ። ከማዕድዎ የተረፈ አጥንት ከተሰጠው ሌላ አይጠይቅም።»

አንበሳም ፈቀደ። ዳለቻ ተሻረች፤ ዋሻውንም ድንጋዩንም እንዳትነካ ተከለከለች። ስትሰናበት ጅብን ጠጋ ብላ «አያ ጅቦ፣ አባ ኤሊ ዛሬ ጠዋት አዞ ሾላው ሥር ወዳለው መሻገሪያ መግባቱን ዋሻው ላይ ጽፏል። ድንጋዩ ላይ ገና አልደረሰም። እሱን አደራ» አለችው።

«እሺ፣ እሺ» አለ ጅብ። «አጥንቱን የሚሰጡኝ ስጨርስ ነው አይደል?»

ጅብ ሁለቱን ማመሳከር ሰለቸው። ወደ ዋሻው ወጣና ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ፍቆ፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን እንዳለ ገለበጠበት። የአባ ኤሊ ማስጠንቀቂያ ጠፋ። በቦታው «ሾላው ሥር ሰላም ነው» የሚለው የቆየ ጽሑፍ ተተካ፤ ያን ጊዜ የጻፈችው ዳለቻ ስለነበረች ከጎኑ የእሷ ኮቴ ተሳለ።

በማግስቱ የዳለቻ ታናሽ እህት ቡሊት ከተራራው ወረደች። መንገዷን ከዋሻው አይታ ነበር የመጣችው። ዳለቻ ከማዶ ሆና ወደ ሾላው ስትሄድ አየቻትና ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፦

«ቡሊት፣ ተመለሺ! አዞ አለ!»

«ምን ነካሽ?» አለች ቡሊት እየሳቀች፣ እግሯን ውሃው ውስጥ እያስገባች። «ደህና ነው ብለሽ የጻፍሽው አንቺው አይደለሽ? ኮቴሽን አይቼ እኮ ነው የመጣሁት!»

ውሃው ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ቡሊት አልታየችም።

ነገሩ ለፍርድ ቀረበ። ቀበሮ ተነሥታ «ይህ ኮቴ የማነው?» አለች።

«የኔ ነው» አለች ዳለቻ። «ግን የቆየ ነው። አባ ኤሊ ሽሮት ነበር።»

«የሻረበት የታለ?»

«ጅብ ፋቀው!» አለ አባ ኤሊ አንገቱን አውጥቶ። «በገዛ ጥፍሬ ነበር የጻፍኩት!»

ጅብ አጥንቱን እየቆረጠመ «ሁለቱን አንድ አድርግ ተባልኩ፣ አደረግኩ። ሄዳችሁ እዩ፣ አንዲት ጭረት አይለያዩም» አለ።

ሄደው አዩ። እውነትም አይለያዩም። ዳለቻ አንበሳውን ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን ሰበረ። ያኔ ሁሉም ገባት፤ ንጉሡ ነገሩን አውቆታል፣ ጅብን ጥፋተኛ ካለ ግን ማን እንደፈቀደለት ሊጠየቅ ነው። አንበሳም ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ዳለቻ በሐሰት ጽሑፍ የእህቷን ነፍስ ስላጠፋች ከሸለቆው እንድትወጣ ፈረደ። ቀበሮን የጽሑፍ አዛዥ አድርጎ ሾመ።

ዳለቻ ስትሰደድ ዋሻው ጋ ቆመች። «አዞ ሾላው ሥር አለ» ብላ ጫረች፤ ኮቴዋንም አተመች። ገና ጀርባዋን ከማዞሯ ከኋላዋ የመፋቅ ድምፅ ሰማች።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ዞራ።

«ድንጋዩ ላይ የለማ» አለ ጅብ፣ መፋቁን ሳያቆም።

ከዚህ የምንማረው፣ የተለያየ ቃልን ሳይመረምር በችኮላ አንድ የሚያደርግ ሰው ጥፋቱን በሌላው ስም አስጽፎ እንደሚሄድና፣ ፈራጁ ራሱ ፈቃጅ ከሆነ ደግሞ እውነት ሰሚ እንደማታገኝ ነው።