ሐጂ ሙሄ ከክዳኑ ስር ያገኙት

በአላህ ስም ጀምሬ የሰማሁትን እጽፋለሁ። የከተማዋን ስም ልተወው። መስጂዷ ከገበያዋ የሚበልጥ፣ ሰው በአባቱ ስም የሚታወቅባት የድሮ ከተማ ናት። እዚያ ሐጂ ሙሄ የሚባሉ መካኒክ ነበሩ። ጺማቸው ነጭ ነው፤ እጃቸው ግን ሁልጊዜ ጥቁር ነው፣ ዘይቱ አይለቅም። ውዱእ ከማድረጋቸው በፊት ጥፍራቸውን በስንጥር ይፍቃሉ። ሰው ሲጣላ የሚጠራው እሳቸውን ነበር።

አንዋር የሚባል ሹፌር ደግሞ ሸራ የለበሰች አሮጌ መኪና ነበረችው። ገበያተኛ ሴቶችን ከነልጆቻቸው ያመላልስባታል። ታዲያ የመኪናዋ ሞተር መንገድ ላይ መጥፋት ጀመረ። አንድ ሰዓት ደህና ትሄድና ቀጥ ትላለች። ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ያን ጊዜ ሐጂ ሙሄ ታመው ተኝተው ስለነበር፣ አንዋር ዘይኑ ወደሚባል ሌላ መካኒክ ወሰዳት። ዘይኑ የቤንዚን ፓምፑን በአዲስ ቀየረ። መኪናዋ ግን እንደገና ጠፋች። አንድ ቀንማ ዳገት ላይ ጠፍታ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ጮኹ፤ አላህ ጠበቃቸው።

ከዚያ በኋላ አንዋር በየሱቁ "ዘይኑ አዲሱን ፓምፕ ደብቆ አሮጌ ነው የገጠመልኝ፤ ሌባ ነው" እያለ አወራ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ዘይኑን "ቁርኣን ይዘህ ማል" አሉት።

"አልሰረቅሁም" አለ ዘይኑ። "ግን አልምልም። እውነት ቢሆንም መሐላ ያስፈራኛል፤ ልጆች አሉኝ።"

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው፤ ሐቅ ይዞም ቁርኣን ላይ እጁን ለመጫን ይንቀጠቀጣል። ሰዉ ግን "ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል?" አለ። እስከ ጁሙዓ ቀን ሰጡት። እስከዚያ ካልማለ በመስጂዱ ጀመዓ ፊት ሌባነቱ ሊነገር ነው። ሚስቱ ከአገር ለመውጣት ዕቃ ማሰር ጀምራ ነበር አሉ። ሐጂ ሙሄ ከሕመማቸው ተነስተው ስለነበር፣ መኪናዋን አይተው እንዲፈርዱ አማናው ለእሳቸው ተሰጠ።

ሐሙስ ጠዋት አንዋር መኪናዋን አመጣ።

"ሐጂ፣ ፓምፑን ይፍቱትና ይዩልኝ። ሌብነቱ ያለው እዚያ ነው።"

"አሁን ደህና ናት" አሉ ሐጂ። "ሐኪም ደህና ሰው አስተኝቶ ምን ያያል? እስክትታመም አብሬህ ልሂድ።"

"በዚህ ዕድሜዎ፣ በዚህ አቧራ?"

"እሷም አርጅታለች፤ እንግባባለን።"

ሄዱ። ከከተማው ወጥተው ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ሁለቴ አሳለውና ጠፋ። አንዋር ድንጋይ ከጎማው ስር አስገብቶ፣ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሰደደ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አሉት ሐጂ።

"ቤንዚን መኖሩን በእንጨት ላየው ነዋ! ጌጁ ከሞተ ስንት ጊዜው። በጠፋች ቁጥር ከፍቼ አያለሁ፤ ከዚያ ትንሽ ስትቀዘቅዝ ትነሳለች።"

"ዛሬ አትክፈት።"

ተቀመጡ። ሞተሩ በረደ፤ እጅ ቢያስቀምጡበት አያቃጥልም። አንዋር ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ እምቢ አለች።

"ኧረ ሐጂ፣ እርስዎ ደግሞ ጭራሽ ገደሏት!"

ሐጂ ሄደው ክዳኑን ከፈቱ። ታንኩ ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ሳበ። "አሁን ሞክራት" አሉ። ጥቂት አንገራግራ ተነሳች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ከታንኩ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። አየር ከሌለ ቤንዚኑ ታፍኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለችው። ሐጂ ክዳኑን ሲገለብጡት፣ ከከመነዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ፊኛ፣ የተቆረጠ ክብ ላስቲክ ያችን ቀዳዳ ደፍኗት አገኙ። አቆራረጡን አወቁት። ከመታመማቸው በፊት ሴቶቹ "ቤንዚኑ እየተረጨ ዱቄታችን ሸተተ" ብለው ሲያማርሩ፣ ቆርጠው የገጠሙት ራሳቸው ነበሩ። ላስቲኩን በቀዳዳዋ ልክ መብሳት ረስተዋል።

አንዋር መሪው ላይ ነው፣ አላየም። ላስቲኩን ገደል መወርወር ይቻል ነበር። "ፓምፑ ደህና ነው" ብሎ መፍረድም ይቻል ነበር፤ ግን ሰው "ሐጂ አዝነውለት ነው" ይላል፤ ዘይኑም በግማሽ ሌባ ሆኖ ይኖራል።

ላስቲኩን ይዘው ወደ መሪው ሄዱ። "ይህ የእኔ እጅ ሥራ ነው" አሉት። ፓምፑንም ፈትተው አሳዩት፤ አዲስ ነበር።

አንዋር ደነገጠ። "ይተዉት፣ ሐጂ። ቤቱ ሄጄ አፉ በለኝ እለዋለሁ። ይህን ግን ማንም አይስማ። ባለጌ ሁሉ አፉን ይከፍትብዎታል።"

"ሌባ ያልከው የት ነው?"

አንዋር አቀረቀረ። "በየሱቁ። መስጂድ በር ላይም።"

ጁሙዓ ተሰግዶ ሲያበቃ ሐጂ ሙሄ ላስቲኩን ይዘው ተነሱ። "ፈራጅ አድርጋችሁኝ ነበር። ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ተገኘሁ" አሉና ሁሉንም ተናገሩ። አንዋርም ቆሞ፣ ዘይኑን ሌባ ያለበትን ቃል መልሶ ወሰደ።

ከኋላ አንዱ "እንግዲህ እጅዎ አርጅቷላ!" አላቸው።

"አዎ፣ አርጅቷል" አሉ። "ከእንግዲህ ስሠራ አብራችሁ እዩ።"

ሰው ሲበተን ዘይኑ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። "ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ ይበቃኝ ነበር፣ ሐጂ። ራስዎን ለምን አዋረዱ?"

ቀና አደረጉት። "በአደባባይ የወደቀ ስም ጓዳ ገብቶ አይነሳም" አሉት።

እኔ ይህን ስሰማ ያሰብኩት ስለ መኪና አይደለም። ልጄን ሲያተኩሳት መጀመሪያ የምጠይቀው "ማን አቀፋት?" ብዬ ነው። መጨረሻ የነካትን ሰው እጠረጥራለሁ። እኔ ራሴ ምን እንዳበላኋት ትዝ አይለኝም። የፈራ ቀልብ እንዲህ ነው፣ ቶሎ ይፈርዳል። አንዋርም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚጭነው ዕቃ ሳይሆን ሰው ነበርና ፈራ።

ሐጂ ግን የራሳቸውን እጅ አዩ። ይህ አንዱ ነው። ሌላው፣ በሰው ፊት የተናገሩትን በሰው ፊት መመለሱ፣ ግን ይከብዳል። ባለፈው ጎረቤቴን ውሃ ቦኖ ላይ፣ ሴቶች ሁሉ እየሰሙ ተናግሬያት ነበር። በኋላ እንዳልበደለችኝ ሳውቅ አፉ በይኝ ያልኳት በጆሮዋ ነው። ሴቶቹ አልሰሙም።